መዝጊያ የሌለው በር

ክራንስካ ጎራ አሉኝ፣ የከተማዋን ስም፤
ሳቅሁ፤ «ጎራ»ን እንኳ እኔም አላጣውም።
በነሱ አፍ ተራራ፣ በኛ አፍ ኮረብታ፣
አንድ ቃል ጠበቀኝ በማላውቀው ቦታ።

ቮይኮ ግን አልሳቀም፤ ጎማውን ይነፋል፣
ፖስታ ቤት ጡረታ ካወጣው ቆይቷል፤
ቅባት በነካው ጣት ካምቢዮውን ይዳስሳል፣
«አርባ ዓመት ወጣሁት፤
አንድ ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም እግሬ» ይላል።

መታጠፊያው ሃምሳ ነው፤ ሃያ አራቱ ዳገት፣
ሃያ ስድስቱ ደግሞ ወዲያ ማዶ ቁልቁለት፤
ሁሉም ቁጥር አለው፣ ተጽፎ በሰሌዳ፣
እንደ ሆስፒታል አልጋ፣ እንደ ሱቅ ደብተር ዕዳ።

ወጣን።
ጥዱ ገና አልነቃም፣ ጭጋግ ተከናንቧል፤
መንገዱ በየእጥፋቱ ኮብልስቶን ለብሷል።
ሲቀና አስፋልት ነው፣ ሲታጠፍ ድንጋይ፤
ጥርሴ እየተንገጫገጨ እጠይቃለሁ፣ የታል ሰማይ?

ስምንተኛው ላይ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣
የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከጥድ መሃል በቅሎ።
ቮይኮ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ግን አልቆመም፤
«የሩሲያ ምርኮኞች ናቸው የሠሩት፣ በዚያ ጦርነት ዘመን።
የበረዶ ናዳ ወረደባቸው፤
ስንት እንደነበሩ በቅጡ የሚያውቅ የለም።»
መታጠፊያው ቁጥር አለው፤
እነሱ ግን የላቸውም።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ጧ! አለ ሰንሰለቴ፤
እባብ መስሎ ወደቀ ካስፋልቱ፣ ከፊቴ።
ካቻቪቴ ይዣለሁ፤ መቀጠያው የለኝም።
ቮይኮ ዞሮ አየኝ፤ አልቆመም።
«በሩ ላይ!» ብሎ ጮኸ፤ መታጠፊያው ዋጠው፤
የድምፁን ትራፊ ገደሉ መለሰው።

«በር» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቋንቋዬ እንዲህ ነው፤
ሁለት ተራራ መሃል ክፍተት ካለ በር ነው፤
መቃን የለው፣ ቁልፍ የለው፣ መዝጊያ የለው።
ክረምቱ ሲጠና በረዶ እንደ ዘበኛ ይቆምበታል፤
ፀሐይ ስትበረታ ትቶት ይሄዳል።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገቱን ተያያዝኩት፤
ያኔ ነው መንገዱን መንገድ ሆኖ ያየሁት።
ከኮርቻ ላይ ሆኜ ማየው ጎማዬን ነበር፣
የቮይኮን ተረከዝ፣ ላቤን፣ የሰሌዳ ቁጥር።
አሁን ግን ይኸው፣ አለት ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ አበባ፣
ውኃ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ድንጋይ ሥር ሲገባ።
አንዱ እጥፋት ላይ ጎንበስ አልኩ፣ ድንጋዩን ዳሰስኩ፤
የመሮ ምት አለበት፤ ወይም አለ ብዬ አመንኩ።
ከዚያ ወዲህ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ቀስ ብዬ ረገጥኩ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤
ጫማውን አውልቆ ባቱን ይዞ ያሻል።
ቮይኮ።
«ጅማቴ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም፤
እኔም «አርባ ዓመት» ብዬ አላነሳሁበትም።
ውኃዬን ሰጠሁት፤ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ባቱ ላይ አፈሰሰ፤
በባዶ እግሩ፣ እንደ ሰው ዕቃ፣ መሬቱን ቀስ ብሎ ዳበሰ።
«ይሞቃል» አለ፤ «አስፋልቱ ይሞቃል፤ አላውቅም ነበር።»
ሁለት ብስክሌት እየገፋን ደረስን ከበር።

በጎች ነበሩ እዚያ፣ ቃጭል ያንጠለጠሉ፣
መንገዱ መሃል ተኝተው መኪና ሲያስቆሙ የዋሉ።
ነፋሱ ከወዲያ መጣ፣ ሌላ ሽታ ይዞ፤
የትሬንታ ሸለቆ ታየን፣ ከሥር ተጠምዝዞ።
«ማነው?» ያለን የለም። ያንኳኳም የለም።

ቮይኮ ኪሴን ጠቆመኝ፣ ሰንሰለቴ ያለበትን፤
«ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤
ቁልቁለት ፍሬን እንጂ ሰንሰለት ይጠይቃል እንዴ?» አለ፤
ጠዋት የነፈገኝን ሳቅ ያን ጊዜ ከፈለ።

ኮርቻ ላይ ወጣሁ። ሃያ አምስት የሚል ሰሌዳ ከፊቴ።
ብርድ ከኋላ ገባና ጀርባዬን ሲነካኝ፣
የልጅነት ልማድ ሆኖ፣ ሳላስበው፣
ዞር አልኩ፣
በሩን ልዘጋው።